የጣሉት ወርቅ ሆነ፣ ያስቀመጡት ወረቀት

12 ሚሊዮን 600 ሺህ ዶላር! ይህ የአንድ አጥቂ የዝውውር ሂሳብ አይደለም። የስታዲየም ማሠሪያም አይደለም። ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር የማይሞላ የአንዲት ቁራጭ ካርቶን ዋጋ ነው። ነሐሴ 2022 በአሜሪካ በተካሄደ ጨረታ የኒውዮርክ ያንኪሱ ሚኪ ማንትል ምስል ያለበት፣ በ1952 የታተመ የቤዝቦል ካርድ በዚህ ዋጋ ተሸጧል። ወደ ብር መንዝሩት ብንላችሁ ካልኩሌተራችሁ ሊያስቸግራችሁ ስለሚችል ይቅርባችሁ።

ካርዷ መጀመሪያ ስትወጣ ስንት ነበር የምትሸጠው? በሳንቲም ነዋ! ያውም ከማስቲካ ጋር። ልጆች ማስቲካውን አፋቸው ውስጥ፣ ካርዱን ኪሳቸው ውስጥ ይከቱና ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። ታዲያ ያቺ የማስቲካ ምራቂ በ70 ዓመት ውስጥ እንዴት ሚሊየነር ልትሆን ቻለች? ነገሩ ረጅም ታሪክ አለው። ሲጋራ አለበት፣ ማስቲካ አለበት፣ የቆሻሻ ጀልባ አለበት፣ መቀስና ፍርድ ቤትም አለበት። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።)

ቤዝቦል በእኛ አገር ብዙ ተከታይ የለውም። አንዱ ኳስ ይወረውራል፣ ሌላው በዱላ ይመታል፣ መቶም ይሮጣል። ለዛሬው ጨዋታችን ይህን ያህል ማወቅ ይበቃል። ከስፖርት ጋዜጣ ላይ የሚወደውን ተጫዋች ፎቶ ቆርጦ ግድግዳ ላይ የለጠፈ ሰው ደግሞ የሰብሳቢዎቹን ስሜት ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ሁሉም ነገር በሲጋራ ተጀመረ

የቤዝቦል ተጫዋቾችን ምስል በካርድ ማውጣት የተጀመረው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ነው። ፔክ ኤንድ ስናይደር የተባለ የኒውዮርክ የስፖርት ዕቃ መደብር በ1860ዎቹ መጨረሻ የቡድን ፎቶ ያለበት የማስታወቂያ ካርድ ያወጣ ነበር። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ደመወዝተኛ ቡድን የሚባለው የ1869ኙ ሲንሲናቲ ሬድ ስቶኪንግስ በዚህ ካርድ ላይ ይገኛል።

ነገሩ የደራው ግን የሲጋራ ኩባንያዎች ሲገቡበት ነው። የዚያን ዘመን የሲጋራ ፓኮ ስስ ወረቀት ስለነበር ሲጋራው ኪስ ውስጥ እየተጣጠፈ ያስቸግር ነበር። ፓኮውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጠንካራ ካርቶን አስፈለገ። ካርቶኑ ከገባ አይቀር ደግሞ ለምን ባዶ ይሆናል? የተዋናይ፣ የቦክሰኛ፣ የቤዝቦል ተጫዋች ምስል ይታተምበት ጀመር። አለን ኤንድ ጊንተር የተባለው ኩባንያ በ1887 ካወጣቸው 50 የሻምፒዮኖች ካርዶች ውስጥ 10ሩ የቤዝቦል ተጫዋቾች ነበሩ። ጉድዊን የተባለው ሌላው ኩባንያም «ኦልድ ጀጅ» ከተሰኘው ሲጋራው ጋር የበርካታ ተጫዋቾችን ፎቶ አዳርሷል።

በ1890 ጄምስ ዱክ ዋና ዋናዎቹን ተፎካካሪዎች ጠቅልሎ አሜሪካን ቶባኮ የተባለውን ግዙፍ ኩባንያ መሠረተ። ገበያው በአንድ እጅ ሲገባ ካርዱም ቀዘቀዘ። ተወዳዳሪ ከሌለ ምራቂ ለምን ይሰጣል? ካርዱ እንደገና በሰፊው የተመለሰው በ1909 ሲሆን፣ እስከ 1911 ድረስ ይኸው ኩባንያ ዛሬ ሰብሳቢዎች ቲ 206 የሚሉትን ስብስብ አወጣ። ከ500 በላይ የተለያዩ ካርዶች ያሉት፣ በ16 የትምባሆ ምርቶች ስም የተሠራጨ፣ ባለቀለም ሥዕል ያለበት ውብ ሥራ ነው። ከዚህ ስብስብ መካከል ግን አንዱ ካርድ ጎዶሎ ሆነ።

«የእኔን አታትሙ» ያለው ሰው

ሆነስ ዋግነር ይባላል። የፒትስበርግ ፓይሬትስ ተጫዋች ነው። የናሽናል ሊግን የመምታት ውድድር 8 ጊዜ በአንደኝነት ጨርሷል። የቤዝቦል የክብር አዳራሽ በ1936 የመጀመሪያዎቹን 5 ታላላቆች ሲመርጥ ከቤብ ሩት፣ ከታይ ኮብ፣ ከክሪስቲ ማቲውሰንና ከዋልተር ጆንሰን ጋር አንዱ እሱ ነበር።

ኩባንያው የዋግነርን ካርድ ማተም ከጀመረ በኋላ ሰውየው አይሆንም አለ። ካርዱ ቆመ፤ ከዚያ በፊት የወጡት ጥቂቶቹ ብቻ ቀሩ። በዓለም ላይ ዛሬ የሚታወቁት 60 ገደማ ናቸው። ለምን እምቢ አለ? ሁለት ወሬ አለ። አንደኛው ልጆች ካርዱን ለማግኘት ሲሉ ትምባሆ እንዳይገዙ አስቦ ነው የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ ያለ ክፍያ ምስሌን እንዴት ትነግዱበታላችሁ ብሎ ነው ይላል። ሰውየው ራሱ ትምባሆ የሚያኝክ፣ ሲጋር የሚያጨስ ስለነበር የመጀመሪያውን የሚጠራጠሩ አሉ። ይሁን እንጂ በዘመኑ የተጻፈ ዘገባ እንደሚለው ኩባንያው ፈቃድ እንዲያመጣለት ለአንድ የፒትስበርግ ጋዜጠኛ 10 ዶላር ቃል ገብቶ ነበር። ዋግነር ለጋዜጠኛው በላከው መልስ ምስሌ ከሲጋራ ጋር እንዲወጣ አልፈልግም ብሎ፣ በእኔ ምክንያት ገንዘቡ እንዳይቀርብህ በማለት የ10 ዶላር ቼክ ከራሱ አክሎ ሰደደለት። ገንዘብ ብቻ የሚያሳስበው ሰው እንዲህ አያደርግም።

የዋግነር እምቢታ ያስገኘው ውጤት ግን ራሱንም ሳያስገርመው አይቀርም ነበር። አልፈልግም ያለው ካርድ የዓለም ሰብሳቢዎች ሁሉ የሚፈልጉት ካርድ ሆነ። በነሐሴ 2022 አንዱ የዋግነር ካርድ በ7 ሚሊዮን 250 ሺህ ዶላር ተሸጧል።

ትምባሆ ወጣ፣ ማስቲካ ገባ

ከትምባሆው በኋላ ካርዱ ወደ ልጆች ሠፈር ገባ። ክራከር ጃክ የተባለው ጣፋጭ ፈንዲሻ በ1914 ካርዱን ከፈንዲሻው ጋር እዚያው ሳጥን ውስጥ ከተተው። ስኳሩ ካርዱን ስላበላሸው ዛሬ ንጹሕ የ1914 ክራከር ጃክ ማግኘት መከራ ነው።

በዚያው ዓመት በባልቲሞር ከተማ «ባልቲሞር ኒውስ» የተባለው ጋዜጣ የከተማዋን ቡድን ተጫዋቾች በካርድ አወጣ። ከእነዚያ መካከል አንዱ ገና የ19 ዓመት ወጣት፣ ስሙን ማንም የማያውቀው ተጫዋች ነው። ይህ ልጅ ኋላ ቤብ ሩት ሆነ! ዛሬ 10 ያህል ቅጂዎቹ ብቻ እንዳሉ ይታወቃል። ከእነዚህም አንዱ በዚያን ጊዜ ጋዜጣ ያድል የነበረ ልጅ ያስቀመጠው ሲሆን፣ ቤተሰቡ ለአሥርት ዓመታት ጠብቆት ቆይቶ እጅ ከቀየረ በኋላ በታህሣሥ 2023 በ7 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር ተሸጧል። ጋዜጣ አዟሪዎች ሆይ፣ እጃችሁ ላይ ያለውን በደንብ እዩ!

በ1933 የቦስተኑ ጎውዲ ኩባንያ 240 ቁጥር ያለው ስብስብ ከማስቲካ ጋር አወጣ። በኢኮኖሚ ቀውሱ ዘመን ሳንቲም ብርቅ በነበረበት ጊዜ ልጆች ስብስቡን ለማሟላት ይገዛሉ፣ ይገዛሉ፣ 106ኛውን ቁጥር ግን ማንም ሊያገኘው አልቻለም። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ካርዱ ጭራሹኑ አልታተመም ነበር! ልጆቹ ተናደው ደብዳቤ ሲጽፉ ኩባንያው በ1934 የናፖሊዮን ላጆይን ምስል በ106 ቁጥር አትሞ ለጠየቁት በፖስታ ላከላቸው። ቅሬታ ያላቀረበው ልጅ ሳይደርሰው ቀረ። እንግዲህ በዚህ ሥራ ውስጥ ማጭበርበር የዛሬ ሳይሆን ከጥንትም የነበረ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ካርድ የተነፈጋቸው

የካርዱ ታሪክ የሳቅ ብቻ አይደለም። በዋናው ሊግ ጥቁር ተጫዋች እንዳይገባ ለአሥርት ዓመታት ታግዶ ስለነበር፣ የትልልቆቹ ኩባንያዎች ካርዶችም ያንኑ ተከትለው ነጭ በነጭ ነበሩ። ጥቁሮቹ በራሳቸው ሊግ ይጫወታሉ፣ ሕዝብ ይሰበስባሉ፣ ካርድ ግን የላቸውም።

አንድ ሰው ብቻ ሾልኮ ገብቷል። ጂሚ ክላክስተን ይባላል። በ1916 የቀይ ሕንድ ዝርያ ነው ተብሎ ለኦክላንድ ኦክስ ተሰለፈ። በዚያው ሰሞን የከረሜላ ካርድ የሚያዘጋጅ ፎቶግራፍ አንሺ መጥቶ ስለነበር ፎቶ ተነሣ። ጥቁር መሆኑ ሲታወቅ በቀናት ውስጥ ተባረረ። ካርዱ ግን ወጣ። በአሜሪካ ካርድ ላይ የታየ የመጀመሪያው ጥቁር የቤዝቦል ተጫዋች ተብሎ ዛሬ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ሰውየውን ከሜዳ ያባረሩት ሰዎች ካርዱን ማባረር አልቻሉም።

ጆሽ ጊብሰንን ደግሞ ተመልከቱ። በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ኃይለኛ መቺ ይሉታል። ጥር 1947 ገና በ35 ዓመቱ ሞተ። ከ3 ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 15 ቀን 1947 ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ እገዳውን ሰበረ። ሮቢንሰን ካርድ ወጣለት። ጊብሰንስ? ሰብሳቢዎች ዋነኛ አድርገው የሚይዙት ካርዱ የታተመው በአሜሪካ ሳይሆን፣ ክረምት ክረምት እየሄደ ይጫወት በነበረባት በፖርቶ ሪኮ ነው። ያውም ከሞተ በኋላ፣ በ1950 እና 51። የአሜሪካ ሊግ የጥቁሮቹን ሊግ ውጤት ከዋናው መዝገብ ጋር ያዋሃደው በ2024 ሲሆን፣ በዚያ መሠረት ጊብሰን በ0.372 አማካይ ውጤት ታይ ኮብን አልፎ ከሁሉም በላይ ተቀምጧል። መዝገቡ ታረመ። ካርዱ ግን ዛሬ ቢታተም እንኳ የዚያ ዘመን ልጅ ኪስ ውስጥ አይገባም።

ውቅያኖስ ውስጥ የገባው ሀብት

አሁን ወደ 12 ሚሊዮኑ እንመለስ። ቶፕስ የተባለው የብሩክሊን የማስቲካ ኩባንያ ከተፎካካሪው ከቦውማን ጋር ግብ ግብ ገጥሞ በነበረበት ጊዜ ሳይ በርገር የተባለ ሠራተኛው ዉዲ ጌልማን ከተባለ ባልደረባው ጋር በመሆን፣ እቤቱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብሎ የ1952ቱን ካርድ ነደፈ። ከቀድሞዎቹ ተለቅ ያለ፣ ባለቀለም፣ የቡድኑ ዓርማና የተጫዋቹ ፊርማ ያለበት፤ ከጀርባው ደግሞ ውጤቱ በቁጥር የተዘረዘረበት ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው የስፖርት ካርድ ሁሉ የዚህ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ካርዶቹ 407 ሲሆኑ በየተራ ነበር የሚወጡት። የመጨረሻው ዙር፣ ማለትም ከ311 እስከ 407 ያለው፣ ዘግይቶ ደረሰ። የቤዝቦሉ ወቅት እያለቀ፣ የአሜሪካን ፉትቦል እየጀመረ ነው። ሱቆች አንወስድም አሉ። ካርዱ መጋዘን ውስጥ ተከመረ። ዓመታት አለፉ። በርገር ኋላ ደጋግሞ እንደተናገረው በየባዛሩና በየፌስታው በርካሽ ለመሸጥ ሞክሮ የሚገዛ ጠፋ። በ1960 መጋዘኑ ሲፈለግ ሳጥኖቹን በቆሻሻ ማጓጓዣ ጀልባ አስጭኖ አትላንቲክ ውቅያኖስ ውስጥ አስጣላቸው። እሱ ራሱ ሄዶ ነው ያስጣለው!

የማንትል ካርድ ቁጥሩ ስንት መሰላችሁ? 311። የመጨረሻው ዙር የመጀመሪያ ካርድ ነው። በሉ እንግዲህ፣ ስንት ማንትል ባሕር ውስጥ እንደገባ ዓሣ ይጠየቅ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ነገር እንጨምር። የ1952ቱ ካርድ የማንትል የመጀመሪያ ካርድ አይደለም። የመጀመሪያው ቦውማን በ1951 ያወጣው ነው። ከዚያም በላይ 311 ቁጥር ከዚያ ዙር ካርዶች መካከል በእጥፍ ከታተሙት ከሦስቱ አንዱ ስለሆነ ከጎረቤቶቹ ይልቅ ብዙ ነው። ታዲያ ለምን ይህ ሁሉ ዋጋ? መልሱ የልጅነት ነገር ነው። በ1950ዎቹ ማንትልን እያዩ ያደጉት ልጆች በ1980ዎቹ ጠበቃ፣ ሐኪም፣ ነጋዴ ሆነው ገንዘብ ያዙ። ገንዘቡ ሲመጣ እናታቸው የጣለችባቸውን ነገር መልሰው መግዛት ፈለጉ። ልጁ ወታደር ቤት ወይም ኮሌጅ ሲሄድ እናት ክፍሉን ስታጸዳ የጫማ ሳጥኑን ከነካርዱ መጣሏ በአሜሪካ እንደ ተረት የሚወራ ነው። ያልተጣለውም ቢሆን በብስክሌት ጎማ ሽቦ መሃል ተሰክቶ የሞተር ድምፅ ሲያወጣ ከርሟል፤ ወይም እንደ ብይ ሲጫወቱበት ጠርዙ ተበልቷል።

በ1980ዎቹ አጋማሽ በማሳቹሴትስ ግዛት አል ሮዘን የተባለ የታወቀ ነጋዴ እጅ ያልነካቸው የ1952 ካርዶች ክምችት አገኘ። በ2022 ክብረ ወሰን የሰበረው ማንትል ከዚያ ክምችት የወጣ ነው። አንድ የኒውጀርሲ ነጋዴ በ1991 በ50 ሺህ ዶላር ገዝቶት 31 ዓመት ካስቀመጠው በኋላ ነው በ12 ሚሊዮን 600 ሺህ የሸጠው። ክብረ ወሰኑም እስከ ነሐሴ 2025 ቆይቶ፣ የማይክል ጆርዳንና የኮቤ ብራያንት ፊርማ ያለበት የቅርጫት ኳስ ካርድ በ12 ሚሊዮን 932 ሺህ ዶላር ሲሸጥ ተሰብሯል።

ተጫዋቹስ ምን አገኘ?

ይህን ሁሉ ስትሰሙ ባለፎቶዎቹ ሀብታም የሆኑ ይመስላችሁ ይሆናል። አልሆኑም። ቶፕስ ገና ታች ሊግ ያለን ወጣት 5 ዶላር ሰጥቶ ያስፈርመው ነበር። ዋናው ሊግ ከገባ በዓመት 125 ዶላር ይከፈለዋል። በጥሬ ገንዘብ ካልፈለገ ደግሞ በምትኩ ከኩባንያው ካታሎግ ዕቃ መርጦ ይወስዳል። ኮከቡም ተቀያሪውም ሂሳቡ እኩል ነው።

በ1966 ማርቪን ሚለር የተባለ ከብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር የመጣ ኢኮኖሚስት የተጫዋቾቹን ማኅበር መምራት ጀመረ። የቶፕስን ውል ሲያይ ሳቅም ንዴትም ያዘው። ኩባንያው መደራደር አልፈልግም ሲል ሚለር ተጫዋቾቹን «እንግዲያው ፎቶ አትነሡ፣ ውል አታድሱ» አላቸው። አደሙ። በ1968 ቶፕስ ተንበረከከ። ክፍያው በእጥፍ አድጎ 250 ዶላር ሆነ፤ ከዚያም በላይ ከሽያጩ ላይ በመቶኛ ለማኅበሩ ሊከፍል ተስማማ። ኋላ የአሜሪካን ስፖርት የለወጠው ያ ኃይለኛ ማኅበር አንድነቱን ከተለማመደባቸው የመጀመሪያ ትግሎች አንዱ በማስቲካ ካርድ ላይ የተደረገ ነው። ሚለር በ2012 ሞተ፤ ለክብር አዳራሹ የተመረጠው ከሞተ ከ7 ዓመት በኋላ፣ በ2019 ማብቂያ ነው።

ሁሉም ሲያስቀምጠው

በ1980 አንድ የፍርድ ቤት ውሳኔ የቶፕስን ብቸኛ ገበያ ከፈተና በ1981 ፍሊርና ዶንረስ ገቡ። በ1989 አፐር ዴክ ተጨመረ፤ 1 ቁጥር ያደረገው የኬን ግሪፊ ጁኒየር ካርድም አገር አዳረሰ። በዚያን ጊዜ የአሮጌ ካርዶች ዋጋ ሰማይ ሲነካ ያየ ሁሉ «እናቴ የሠራችውን ስህተት እኔ አልደግመውም» አለ። ወላጆች ለልጆቻቸው ኮሌጅ ይሆናል ብለው ካርድ በሳጥን ሳጥን እየገዙ፣ ሳይከፍቱ ምድር ቤት ከመሩ። ካርዱ ላስቲክ ለብሶ፣ ጠርዙ እንዳይነካ ተጠብቆ ተቀመጠ። ኩባንያዎቹም አትርፈን እንሙት ብለው ያለ ልክ አተሙ።

ውጤቱ? ባዶ! ሁሉም ያስቀመጠው ነገር ብርቅ ሊሆን አይችልማ። በ1994 ነሐሴ ወር ተጫዋቾች የሥራ ማቆም አድማ መትተው የዚያ ዓመት የፍጻሜ ውድድር ሲሰረዝ ገበያው ይበልጥ ወደቀ። አሜሪካኖች ያንን ዘመን «የቆሻሻ ዘመን» ይሉታል። ከጥቂት ኮከቦች በስተቀር የዚያን ጊዜ ካርድ ዛሬ ሳጥኑ ሙሉ ቢሰጧችሁ ማስቀመጫ ቦታው ነው የሚቸግራችሁ። የ1952ቱ ውድ የሆነው ስለተጣለ ነው። የ1990ው ርካሽ የሆነው ስለተጠበቀ ነው። ሀብት እናገኛለን ብለው ያስቀመጡት ወረቀት ሆኖ ቀረ፤ ልጆች ለፍቅር ብለው ተጫውተው የጨረሱት ግን ወርቅ ሆነ።

መቀሱ

ሚሊዮን ባለበት ሌባ አይጠፋም። የካርድ ዋጋ የሚወሰነው በንጽሕናው ነው። ማዕዘኑ ሹል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ምስሉ መሃል የተቀመጠ መሆን አለበት። ለዚህም ከ1 እስከ 10 ነጥብ የሚሰጡ መርማሪ ኩባንያዎች አሉ። ከእነሱ ስመ ጥሩ የሆነው ፒ ኤስ ኤ በ1991 ሥራ ሲጀምር የመጀመሪያ ምዝገባው ያደረገው አንድን የዋግነር ካርድ ነው። 8 ነጥብ ሰጠው። ያን ያህል የሚያገኝ ሌላ ዋግነር አልነበረም።

የዚህን ካርድ ጉዞ ተከታተሉ። በ1985 ቢል ማስትሮ የተባለ ነጋዴ በ25 ሺህ ዶላር ገዛው። በ1987 በ110 ሺህ ሸጠው። በ1991 የበረዶ ሆኪው ንጉሥ ዌይን ግሬትዝኪ ከብሩስ ማክናል ጋር ሆኖ በ451 ሺህ ዶላር ገዛው። ካርዱ እስከ ዛሬ የሚጠራው በግሬትዝኪ ስም ነው። ከዚያ ዋል ማርት የዕጣ ሽልማት አደረገውና በ1996 አንዲት የፍሎሪዳ የፖስታ ቤት ሠራተኛ ደረሳት። ዕድል ሲመጣ ግብር አስከትሎ መጣ፤ የግብሩን ዕዳ መክፈል ስላልቻለች በጨረታ ሸጠችው፣ 641 ሺህ 500 ዶላር። በ2000 ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በ2007 ሁለት ጊዜ ተሸጦ በመጨረሻ የአሪዞና ዳይመንድባክስ ቡድን ባለቤት ኬን ኬንድሪክ በ2 ሚሊዮን 800 ሺህ ዶላር ወሰደው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ከበስተጀርባ አንድ ሐሜት አብሮ ይሄድ ነበር። ከ80 ዓመት በላይ የሆነው የሲጋራ ካርድ እንዴት ጠርዙ እንደ ምላጭ ይሆናል? በ2013 ማስትሮ በሌላ የጨረታ ማጭበርበር ተከሶ ፍርድ ቤት ሲቀርብ እውነቱ ወጣ። የዋግነሩን ጠርዝ ራሱ እንደከረከመው አመነ። በ2015ም 20 ወር እሥራት ተፈረደበት። የዓለም ንጹሑ ካርድ ንጽሕናው ከመቀስ የመጣ ሆኖ ተገኘ! በሕጉ መሠረት የተከረከመ ካርድ ነጥብ ሊሰጠው አይገባም ነበር።

ወደ ሙዚየም የሄደው ሰው

ከዚህ ሁሉ ጫጫታ በፊት ጄፈርሰን በርዲክ የሚባል ሰው ነበር። በ1900 የተወለደ፣ በኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ከተማ በኤሌክትሪክ ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥሮ የሚሠራ፣ ላጤ፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ያጎበጠው ሰው። ካርድ የልጅ መጫወቻ በነበረበት ዘመን እሱ ይሰበስብ ነበር። ቤዝቦል ብቻ ሳይሆን ፖስት ካርድ፣ የበዓል ካርድ፣ የማስታወቂያ ካርድ፣ ያገኘውን ሁሉ። ከ1939 ጀምሮ የአሜሪካን ካርዶች በሥርዓት የመደበ ካታሎግ አወጣ። ሚሊየነሮቹ ዛሬ «ቲ 206» ሲሉ የሚጠሩት እሱ ያወጣውን ስም ነው። ቲ የሃያኛው ክፍለ ዘመን ትምባሆ መለያ ናት። አብዛኛው ካርድ በሳንቲም በሚተመንበት ጊዜ እሱ በካታሎጉ ለዋግነር ካርድ 50 ዶላር ሰጥቶት ነበር።

በርዲክ ስብስቡን አልሸጠም። ከ300 ሺህ በላይ ካርዶችና ሕትመቶች፣ ከእነዚህም ከ30 ሺህ በላይ የቤዝቦል፣ በኒውዮርክ ለሚገኘው ሜትሮፖሊታን የሥነ ጥበብ ሙዚየም በነፃ ሰጠ። ሰጥቶም አልተቀመጠም። ካርዶቹን በአልበም ለማደራጀት ሙዚየሙ ውስጥ እየተገኘ፣ ጣቶቹ እየታዘዙለት ባይሆኑም፣ አንድ በአንድ በሙጫ ይለጥፍ ነበር። የዛሬ ነጋዴ «በሙጫ ለጠፈ» ሲባል ራሱን ሊስት ይችላል፤ ሙጫ የነካው ካርድ ዋጋው ይወርዳልና። በርዲክ ግን የሚያስበው ስለ ዋጋ አልነበረም፤ ማንም መጥቶ እንዲያያቸው እንጂ። በጥር 1963 የመጨረሻዋን ለጥፎ ጨረሰ። ከሁለት ወር በኋላ አረፈ።

ከአልበሞቹ በአንዱ ውስጥ የሆነስ ዋግነር ካርድ አለ። ማንም አልከረከመውም። የሚሸጥም አይደለም።